ስልኩን መልሺለት፣ ሌሊቱን ግን ተደራደሪበት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ረጅሙ ከኮዬ ፈጬ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ባንክ ቤት ትሠራለች፣ ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ታናሽ ወንድሜን ከደሴ አምጥቼ እያስተማርኩት ነው። 17 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። እዛ እያለ ጎበዝ ነበር፣ ደረጃ ሳይዝ ቀርቶ አያውቅም። እዚህ ከመጣ ግን ስልክ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ ቤት ስደርስ 2 ሰዓት ይሆናል። ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ቲክቶክ ሲያይ ነው የማገኘው። እኔም ደክሞኝ ስለምመጣ እራት በልተን እሱ በሱ ስልክ፣ እኔ በኔ ስልክ እናመሻለን። ሌሊት 8 ሰዓት ውኃ ልጠጣ ስነሳ ብርድ ልብሱ ሥር ብርሃን አያለሁ። ጠዋት ጎትቼ ነው የማስነሳው። የቤት ሥራውን ፎቶ አንስቶ ለቻትጂፒቲ ይሰጥና መልሱን ይገለብጣል። መከርኩት፣ ተቆጣሁት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። መጨረሻ ላይ ስልኩን ቀምቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዛ ወዲህ አያናግረኝም። ጭራሽ መምህራቸው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለቀቀው ዎርክሺት አምልጦት ዜሮ አገኘና ‹ባንቺ ምክንያት ነው› ብሎ ጮኸብኝ። እዚህ ጓደኛ የለውም፣ ወጣ ብሎም አይጫወትም። እናታችን ማታ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ በሌሊት ፓኬጅ በቪዲዮ ትደውላለች፣ ‹ልጄ እንዴት ነው?› ስትለኝ ‹ደህና ነው› እላታለሁ። እስከ ፈተና ስልኩን ላቆየው? ለእናታችንስ ልንገራት?»

እህቴ፣ ስልኩን መልሺለት። ዛሬ ማታ።

ጨክነሽ እንዳልሆነ ይገባኛል። ፈርተሽ ነው። በዚህ ፈተና ደግሞ መፍራት አይፈረድም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከፍ እያለ ነው፣ ግን አሁንም አብዛኛው ልጅ የሚወድቅበት ፈተና ነው። ከደሴ ድረስ ያመጣሽው ልጅ ካብዛኛው ጋር እንዳይሆን ነው ጭንቀትሽ። ብቻ እነዚህን ቁጥሮች ጠዋት ማታ አትደርድሪበት። እሱም ያውቃቸዋል። ካንቺ የበለጠ የሚያስጨንቁትም እሱን ነው።

ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፍሽው ግን ቲክቶክን ብቻ አይደለም። የዛሬ ተማሪ ስልክ ቦርሳው ነው፣ መጽሐፉ ነው፣ የመምህሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የታተመ መጽሐፍ በጊዜ ስላልደረሰ ስንቱ ልጅ ነው ፒዲኤፍ አውርዶ በስልኩ ስክሪን ሲያነብ የከረመው። ዎርክሺቱ እዛ ነው፣ የድሮ ፈተናው እዛ ነው፣ «ነገ ባዮሎጂ የለም» የሚለው መልእክትም እዛ ነው። ስለዚህ ዜሮው ላይ እውነቱን ነው። የጮኸበት ድምፅ ልክ ባይሆንም ነገሩ ልክ ነው።

እሱን እዚህ ጋ እንተወው። ደብዳቤሽን ስደግመው ዓይኔ የቀረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። «እዚህ ጓደኛ የለውም፣ ወጣ ብሎም አይጫወትም» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ለኔ የደብዳቤው ዋና ነገር እሱ ነው።

እስቲ ቀኑን በሱ ዓይን እዪው። ደሴ እያለ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አብረውት የሚወርዱ ልጆች ነበሩ። ፒያሳ ላይ ቆም ብለው ይቀላለዳሉ፣ ሜዳ ካለ ኳስ አለ፣ ቤት ሲደርስ እናት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ የሚላክበት ሱቅ እንኳ ባለቤቱ በስሙ ይጠራዋል። በመጨረሻው ዓመት፣ ጓደኛ ሁሉ ቡድን ቡድኑን ይዞ በጨረሰበት ሰዓት አዲስ አበባ መጣ። አሁን 10 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይወጣና የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይወጣል። በር ይከፍታል። ማንም የለም። አንቺ እስክትመጪ አራት ሰዓት አለው። አጠገቡ ያለው በር ላይ ማን እንደሚኖር አያውቅም፣ ምናልባት አንቺም አታውቂም (ኮንዶሚኒየም ላይ ስንኖር ብዙዎቻችን እንደዛው ነን)። ታዲያ ይሄ ልጅ ስልኩን ካልያዘ ምን ይያዝ?

አሁን አንድ ነገር ልገምት፣ አንቺ ደግሞ ጠይቀሽ አረጋግጪ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱ ሥር የሚያየው ሙሉ በሙሉ ቲክቶክ አይደለም። የደሴ ልጆች ግሩፕ ነው። ለምን ሌሊት? ምክንያቱም የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል! ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ ሁሉ ኦንላይን የሚገባው በዛ ሰዓት ነው። ከባድ ፋይል የሚያወርደው ያኔ፣ ከጓደኛ ጋር በቪዲዮ የሚያወራው ያኔ፣ ጌም የሚጫወተው ያኔ። እናትሽ ራሷ የምትደውለው ፓኬጁ ሲረክስላት አይደል? እሱም የናቱ ልጅ ነው። እኛ «ሱስ» ብለን እንጨርሰዋለን እንጂ ግማሹ የዋጋ ነገር ነው። ልጆቻችን ሌሊት የሚነቁት ኢንተርኔቱ ሌሊት ስለሚረክስ ጭምር ነው፣ ይሄን የሚያወራ ሰው ግን ብዙ አልሰማሁም።

ባንክ ቤት ነው የምትሠሪው፣ ስለዚህ ይሄን ካንቺ በላይ የሚያሰላው የለም። አብራችሁ ቁጭ በሉና ባለፈው ወር በቴሌብር የገዛቸውን ፓኬጆች ዝርዝር እዩ። ለመቆጣት አይደለም፣ ለማወቅ ነው። የቀኑ ስንት ነው፣ የሌሊቱ ስንት ነው፣ ተደምሮ ስንት መጣ? ብዙ ጊዜ ቁርጥራጭ ፓኬጅ ሲደመር አንድ ደህና ወርኃዊ ፓኬጅ ይወጣዋል ወይም ትንሽ ነው የሚጎድለው። የጎደለውን አንቺ ሙዪለትና ከትምህርት ቤት እንደመጣ በቀን የሚጠቀምበት ዳታ ይኑረው። በለውጡ የሌሊት ፓኬጅ መግዛት ያቆማል። ይሄ ስጦታ አይደለም፣ ድርድር ነው። ሌሊቱን በገንዘብ ገዛሽው ማለት ነው፣ ከቱቶር ክፍያ ደግሞ ይረክሳል። ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ ዋይፋይ ማስገባትም አለ፣ ሰው ያደርገዋል። ያኔ ግን ራውተሩ ከ4 ሰዓት በኋላ ካልጠፋ ነገሩ ይብሳል። ሲጠፋ ያንቺም ይጠፋል፣ አስቢበት።

ያንቺን ካነሳን አይቀር እንጨርሰው። «እሱ በሱ ስልክ፣ እኔ በኔ ስልክ» ያልሽው ነገር። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲጮህብሽ ውለሽ፣ ሰልፍ ላይ ቆመሽ፣ ቤት ገብተሽ ትንሽ ፈታ ልበል ብትይ ማንም አይፈርድብሽም። ግን ልጁ ያንን ያያል። እህቱ ሶፋው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ስክሮል እያደረገች «ስልክህን አስቀምጥ» ስትለው ሙዱ ምን እንደሚሆን አንቺም በ17 ዓመትሽ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የምታወጡት ሕግ ሁለታችሁንም የሚይዝ ይሁን።

እኔ አንድ ሕግ ብቻ ነው የምመክርሽ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሁለቱም ስልኮች ሳሎን ቻርጅ ላይ ይሰካሉ፣ እዛው ያድራሉ። መኝታ ክፍል ስልክ የለም። አንድ ሕግ ያልኩሽ አሥር ሕግ የሚያወጣ ሰው አንዱንም ስለማያስከብር ነው። ቀን ስንት ሰዓት ስልክ እንደያዘ፣ ሽንት ቤት ይዞት እንደገባ፣ እራት ላይ ስንቴ እንዳየው እየቆጠርሽ አትኑሪ። ዓይን ዓይኑን ስታዪው ከዋልሽ ፖሊስና ሌባ ትሆናላችሁ።

«አላርሜ ስልኬ ላይ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሁሉም የሚላት ነች። መርካቶ ሂጂና አላርም ያለው የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ፣ የሚጮኸውን ዓይነት። ምክንያቱ ያኔ ያልቃል።

ለምን 4 ሰዓት? ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት ነው የሚሉት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ባለሙያዎች። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ 4 ሰዓት ቢተኛ ገና 8 ሰዓት መሙላቱ ነው፣ ዝቅተኛው ማለት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ግማሹን ነው የሚተኛው። ደግሞ ቀን የተማርነው ነገር አእምሯችን ውስጥ የሚቀመጠው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ፊዚክስ ሲያጠና ውሎ ሌሊቱን የነቃ ልጅ ያጠናውን ራሱ ያባክናል። ይሄን ስትነግሪው «ስልክ ጎጂ ነው» ከምትዪው ይልቅ ይሰማሻል፣ ምክንያቱም ልፋቱን ነው የምታወሪለት። አንድ ደግሞ ለሱ የምከራከርለት ነገር አለኝ። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደኋላ ይገፋል፣ እንቅልፍ ከትልቅ ሰው ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ 4 ሰዓት ተኝቶ ዓይኑ ቢፈጥ አስመሳይ አይደለም። መብራት አጥፍቶ ይጋደም፣ ወይም በወረቀት የሆነ ነገር ያንብብ። ትንሽ ሲቆይ ይለምደዋል።

ስልኩ ላይ ያሉ መቆጣጠሪያዎችን በተመለከተ ብዙ አልልም። ስልኩ ቴክኖም ይሁን ሳምሰንግ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚል አለ፣ አይፎን ከሆነ ስክሪን ታይም ይባላል። የትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንደበላ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፣ ገደብም ይይዛል። ቲክቶክ ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች ላሉት የ60 ደቂቃ ገደብ አስገብቷል፣ ግን ልጁ ኮድ ነክቶ ይቀጥላል። ዕድሜውን 25 ብሎ የሞላ ልጅ ላይማ ጭራሽ አይሠራም፣ የኛ ልጆች ደግሞ ስንቶቹ ናቸው እውነተኛ ዕድሜያቸውን የሞሉት? ስለዚህ እነዚህን ለማወቂያ ተጠቀሙባቸው እንጂ ዘብ ያቆምሽ አይምሰልሽ። የሚታገለው ነገር ቀላል አይደለም። ጣት ወደ ላይ በገፋ ቁጥር የማያልቀውን ገጽ በ2006 እ.ኤ.አ. የነደፈው አዛ ራስኪን የሚባል ሰው ራሱ ኋላ ላይ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፣ ፊልም ማለቂያ አለው፣ ይሄ ግን እንዳያልቅ ሆኖ ነው የተሠራው። «ፍላጎት የለህም፣ ሰነፍ ነህ» አትበዪው። ለዛም ነው ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር የምልሽ፣ አጠገቡ አስቀምጦ መታገል ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው።

ቻትጂፒቲውን አትከልክዪው። ቅደም ተከተሉን ነው የምትቀይሪው። መጀመሪያ በደብተሩ ይሞክር፣ ቢሳሳትም ይጻፈው፣ ከዛ ይጠይቀው። ሲጠይቅም «መልሱን ስጠኝ» ሳይሆን «የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» ይበለው። ቻትጂፒቲ አንዳንዴ የተሳሳተ መልስ በሙሉ ልብ እንደሚሰጥ ራሱ አንድ ሁለቴ ቢይዘው ደግሞ ጥሩ ነው፣ ኩራት ይሰማዋል። ፈተናው ቦታ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ እዛ የሚገባው የራሱ ጭንቅላት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተር የተፈተኑ ተማሪዎች አሉ። እሱ በወረቀት ይሁን በኮምፒውተር የሚፈተነው ትምህርት ቤቱን ጠይቂ። በኮምፒውተር ከሆነ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ማውስ ይዞ፣ ስክሪን ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ ማንበብ ይልመድ። ስልክ ላይ የፈጠነ ጣት ኮምፒውተር ላይ ሲደናገር አይቻለሁ።

ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ፣ ከ10 እስከ 2 ሰዓት ወዳለው ጊዜ። እሱን ባዶ ከተውሽው ከላይ የነገርኩሽ ሁሉ አይሠራም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሂድ እንዳልልሽ አራት ኪሎ ነው፣ ከኮዬ በሥራ ቀን ደርሶ መልስ ታክሲ ላይ ያልቃል። ቅዳሜ ግን ይሆናል። በነጻ ነው፣ ሰፊ ነው፣ አብዛኛው የሚያጠናው የሱ እኩያ ነው። ከዛ ለልጁ የሚጠቅመው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፣ ሲያጠኑ የሚያያቸው ሌሎች ልጆችም ናቸው። በሥራ ቀን ደግሞ የክፍል ኃላፊ መምህሩን በስልክ አግኚና ከትምህርት በኋላ ቀርተው አብረው የሚያጠኑ ልጆች ካሉ ጠይቂ። አብዛኛው ትምህርት ቤት ውስጥ አይጠፉም። አዲስ ልጅ ራሱ ሄዶ «ላጥና?» አይልም፣ ያፍራል። መምህሩ «አንተም ከነሱ ጋር ሁን» ካለው ግን ይሄዳል። ግቢያችሁ ውስጥ አመሻሽ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ካሉም አንድ ቀን አብረሽው ውረጂ፣ እናታቸውን ሰላም በዪ፣ አስተዋውቂ። «ትልቅ ልጅ ነው፣ ራሱ ይተዋወቅ» አትበይ። ሰው አገር የመጣ ልጅ ነው።

ፈተና እየደረሰ ኳስ ምንድን ነው ትዪኝ ይሆናል። አንድ ሰዓት ኳስ ተጫውቶ፣ ላብ አውጥቶ የመጣ ልጅ ከሁለት ሰዓት ስክሮል ከተነሳ ልጅ ይልቅ ደብተር ይገልጣል። እንቅልፍም ቶሎ ይወስደዋል።

አሁን ንግግሩን እንዴት ትጀምሪዋለሽ? ከሥራ ደክመሽ በመጣሽበት ማታ አይሁን። ፊት ለፊት ቁጭ ብላችሁ፣ «የምነግርህ ነገር አለ» ብለሽ ዓይኑን እያየሽም አይሁን፣ ወንድ ልጅ በዛ ዕድሜው እንደዛ ሲሆን ይዘጋል። መጀመሪያ ዛሬ ስልኩን አውጥተሽ ስጪው፣ ያለ ንግግር። ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፋችሁ ወይ ልብስ እያጠባችሁ «ስልክህን መቆለፌ ልክ አልነበረም። ሌሊት አለመተኛትህ ግን ያሳስበኛል። እኔም ስልኬን ሳሎን አሳድራለሁ፣ ምን ይመስልሃል?» በዪውና ዝም በይ። እሱ ይናገር። የሚያመጣው ሐሳብ ካለ፣ ለምሳሌ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ካለሽ፣ እሺ በዪው። የራሱ ቃል ያለበትን ሕግ ይጠብቀዋል።

እንደሚያፈርሰው ደግሞ ካሁኑ እወቂ። አንድ ሌሊት ተነስቶ ሳሎን ሄዶ ሲያይ ትይዥዋለሽ። ያኔ ቁም ሣጥኑ አይታወስሽ። በማግስቱ ስልኩ በ4 ፋንታ በ3 ሰዓት ይሰካል፣ በቃ፣ ያለ ጩኸት። ሲጀመር እንዲህ እንደሚሆን ተስማሙበት።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ፣ በደንብ እየተኛ፣ ከሰው ጋር መቀላቀል ጀምሮም ቢሆን ምግብ ካስጠላው፣ ደሴም እያለ የሚወደው ነገር ሁሉ ከደበረው፣ ሁልጊዜ ፊቱ ከጠቆረ፣ ያኔ ጉዳዩ ስልክ አይደለም። ትምህርት ቤቱ አማካሪ ካለው ከሱ ጀምሪ። አማኑኤል ሆስፒታልም ጳውሎስ ሆስፒታልም ባለሙያ አለ። «አማኑኤል» ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ አትደንግጪ።

ለእናታችሁ? ንገሪያት። ግን ከጀርባው አይሁን፣ «ስልክ ላይ ተጣብቆብኛል» ብለሽ ክስ አስመስለሽም አይሁን፣ የሷ እንባ ከተጨመረበት ልጁ ወዲያው ይዘጋል። እሑድ ስትደውል ሦስታችሁም ሆናችሁ፣ እሱ ራሱ ያደረጋችሁትን ስምምነት ይንገራት። ከተማው እንደከበደውም ይንገራት፣ ላንቺ ያልነገረሽን ለሷ ሊላት ይችላል። ደግሞ የሷን የስልክ ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ተኩል አምጡት። የቀን ፓኬጅ ካነሳት አንቺ ሙዪላት። ማታ 5 ሰዓት ላይ እናቱ በቪዲዮ እየደወለች «ስልክህን 4 ሰዓት አስቀምጥ» ብትዪው ልጁ እንዴት ይስማሽ?